ከድሉ በኋላ ያለው ዕድሜ
«አሊ» እና «አትሌቱ» የተባሉትን ፊልሞች ከልጆች ጋር ለሚያዩ ቤተሰቦች

በዓል ሲደርስ ልጆች ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር ወደ ቢቸና፣ ወደ ሞጣ ይገባሉ። ቡናው ተጠጥቶ ቤቱ ሞቅ ሲል «ምን ፊልም እንክፈት?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ክርክሩን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ድብድብ ያለበት ፊልም ነው። አያት ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ «ኧረ ይኼ ልጅ ሞተ!» ሲሉ የልጅ ልጆች ይስቃሉ።

ልጆች የጀግና ታሪክ መውደዳቸው መልካም ነው። እኛ ወላጆችና አያቶች ልንጠይቅ የሚገባን ልጁ ፊልሙን አይቶ ሲነሳ ምን ይዞ እንደሚነሳ ነው። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት በቢቸናና በሞጣ ቁስል ሳሽግና በሽተኛ ሳገላብጥ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ፊልም ሳይ ዓይኔ ከሜዳሊያው ይልቅ ገላው ላይ ያርፋል። ሌላው ማን እንዳሸነፈ ያያል፤ እኔ የተሰነዘረውን ምት እቆጥራለሁ። ለዛሬ የመረጥኋቸው ሁለት ፊልሞች በእውነተኛ ሰው ሕይወት ላይ የተሠሩ ናቸው። አንዱ የቦክሰኛው የመሐመድ አሊ፣ ሌላው የኛው የሻምበል አበበ ቢቂላ።

«አሊ»፦ በድል ላይ የሚቆም ታሪክ

«አሊ» እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ፊልም ነው። ያዘጋጀው ማይክል ማን ሲሆን አሊን ሆኖ የተወነው ዊል ስሚዝ ነው። ፊልሙ የሚሸፍነው ዐሥር ዓመት ብቻ ነው፤ አሊ ሶኒ ሊስተንን አሸንፎ ሻምፒዮን ከሆነበት ከ1964 እስከ ኪንሻሳ ላይ ጆርጅ ፎርማንን እስከዘረረበት እስከ 1974።

ጠንካራ ጎኑ ቦክስን የጡንቻ ነገር ብቻ አለማድረጉ ነው። አሊ ስሙን ሲቀይር፣ በ1967 ወደ ቬትናም ጦርነት አልዘምትም ሲል፣ ቀበቶውን ተነጥቆ በጉልበቱ ወራት ከሦስት ዓመት በላይ ከውድድር ሲታገድ ያሳያል። ልጅ ከዚህ የሚማረው አቋም ዋጋ እንደሚያስከፍል ነው። ተዋናዩም ረዘም ያለ ልምምድ ስላደረገ የቡጢው ትርኢት የውሸት አይመስልም።

ድክመቱ የሚያቆምበት ቦታ ነው። ኪንሻሳ ላይ አሊ ገመዱን ተደግፎ የፎርማንን ቡጢ ዙር በዙር ተቀበለ፤ ሰውየው ሲደክም በ8ኛው ዙር ጣለው። ፊልሙ ይህን እንደ ብልሃት ያሳየናል፤ ብልሃትም ነበር። ይሁንና አሊ ከዚያ በኋላ እስከ 1981 ድረስ ሲደበደብና ሲደባደብ ቆየ። በ1984፣ ገና በ42 ዓመቱ፣ ፓርኪንሰን የተባለው የነርቭ ሕመም እንዳለበት ተነገረው። በ1996 የአትላንታ ኦሊምፒክ ችቦ ሲለኩስ እጁ ሲንቀጠቀጥ ዓለም አየው። ያረፈው በ2016 በ74 ዓመቱ ነው። ለዚህ ሕመም ምቱ ብቻ ምክንያት ነው ብሎ መደምደም ባይቻልም፣ በጭንቅላት ላይ የሚደጋገም ምት አንጎልን እንደሚጎዳ ሕክምናው በግልጽ ያውቃል።

ልጁ ግን ይህን ሁሉ አያይም። እሱ የሚያየው እጁን ወደ ሰማይ ያነሳ አሸናፊ ነው። ምቱ ምንም ሳይተው የሚያልፍ ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሠላሳ ዓመት የሚበልጥ የሕመም ዘመን፣ የታማሚውን ብርታትና የአስታማሚውን ድካም የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል።

«አትሌቱ»፦ ከድሉ አልፎ የሚሄድ ታሪክ

«አትሌቱ» እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ፊልም ነው። ያዘጋጁት ራሴላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንክል ናቸው፤ አበበን ሆኖ የተወነውም ራሴላስ ራሱ ነው። ኢትዮጵያ ለኦስካር ውድድር ያቀረበችው የመጀመሪያው ፊልም ይኸው ነው።

የፊልሙ ትልቁ ጥንካሬ በድል ላይ አለማቆሙ ነው። የሮሙን ድል በዘመኑ ከተቀረጸው እውነተኛ ምስል ያሳየናል። ቀኑ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ በኛ አቆጣጠር የዘመን መለወጫ ዋዜማ። አንድ የክብር ዘበኛ ወታደር በጨለማ፣ በችቦ ብርሃን፣ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። በሩጫው መንገድ ላይ ጣሊያኖች ከአክሱም የወሰዱት ሐውልት ቆሞ ነበር። ይህን ምስል አይቶ ደረቱ የማይሞላ አያት ያለ አይመስለኝም።

በቶኪዮም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. እንደገና አሸነፈ። ይህ ከሆነ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ አስቀድሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ሆዱ ተከፍቶ የተሰፋ ሰው ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ሲሰማ ይገረማል። እሱ ግን ሩጫውን ጨርሶ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ልጆች «እኛም እንደሱ» እንዳይሉ ግን ይህ ለማንም የሚመከር እንዳልሆነ መንገር ያሻል።

ከዚያ በኋላ ነው «አትሌቱ» ከሌሎች የሚለየው። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ፣ ሸኖ አካባቢ፣ የአበበ ቮልስዋገን መኪና ተገለበጠች። ከመኪናው የወጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። በዓለም ፈጣኑ እግር ከዚያ ቀን በኋላ አልተራመደም። ፊልሙም ከዚህ አይሸሽም፤ አልጋው አጠገብ ይቀመጣል። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ያሳለፈውን ጊዜ፣ ዝምታውን፣ ቁጣውን፣ ቀስትና ዒላማ መጀመሩን፣ በኖርዌይ በረዶ ላይ መወዳደሩን ይከተላል። አበበ በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ የ25 ኪሎ ሜትር የበረዶ ተንሸራታች ውድድር አሸንፏል። ይህን የሚያውቁ ልጆች ስንት ናቸው? ብዙዎቹ የሚያውቁት የሮሙን ባዶ እግር ብቻ ነው።

ፊልሙ የጎደለው

እንግዲህ ያመሰገንነውን ያህል ጉድለቱንም እንናገር። የመጀመሪያው ጉድለት ቤቱ ነው። በፊልሙ ውስጥ ሰፊ ቦታ የያዙት ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንና በእንግሊዝ የምታስታምመው ነርስ ናቸው። አሠልጣኙ በእርግጥ ትልቅ ባለውለታ ነው። ነገር ግን አበበ ባለቤቱ ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስና አራት ልጆች ነበሩት። ከሆስፒታል የተመለሰው ወደነሱ ነው። ከአደጋው በኋላ አራት ዓመት ከሰባት ወር ኖሯል፤ በሆስፒታል ያሳለፈው ስምንት ወር ያህል ነው። የቀረውን ማን ደገፈው? ማን አጠበው? ልጆቹስ አባታቸውን ተቀምጦ ሲያዩት ምን ተሰማቸው? ፊልሙን ብቻ የሚያይ ሰው የሚረዳው እጅ ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ሊመስለው ይችላል።

ሁለተኛው ጉድለት የማስታመሙ ሥራ ነው። ፊልሙ የሰውየውን ስሜት ያሳያል፤ በየቀኑ የሚሠራውን ሥራ ግን በቸልታ ያልፈዋል። የስቶክ ማንድቪሉ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ከ1944 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለምን ያስተማረው ትልቅ ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው፤ የአከርካሪ ጉዳተኛን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ። ከሱ በፊት እንዲህ ያሉ በሽተኞች አብዛኞቹ በመኝታ ቁስልና በሽንት ቧንቧ ልክፈት በአጭር ጊዜ ይሞቱ ነበር። ማገላበጥ፣ ማድረቅ፣ ሽንትን መከታተል፣ ከዚያም በስፖርት ክንድን ማጠንከር ዕድሜያቸውን አረዘመው። አበበ በመጀመሪያ እጁን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር፤ በኋላ ግን በእነዚያው እጆች ቀስት ወጠረ። ይህ የሆነው በተአምር ሳይሆን በብዙ ሰዎች የቀንና የሌሊት ድካም ነው።

አንድ አስደናቂ ነገር ልጨምር፤ ለልጆች ብትነግሯቸው ይወዱታል። አበበ ሮም ላይ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በዚያችው ከተማ የአካል ጉዳተኞች የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተከፈተ። የውድድሩ አባት ያው ዶክተር ጉትማን ነው። የከተማው ሕዝብ ያደነቀው እግር ባለቤት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ይህ ሐኪም በሠራበት ሆስፒታል እንደሚተኛ ማን አወቀ?

ሦስተኛ፣ ፊልሙ ዝግ ያለ ነው። እውነተኛውን የድሮ ምስልና በተዋናይ የተሠራውን ስለሚያፈራርቅ ትንንሽ ልጆች «የትኛው ነው አበበ?» ብለው ይምታታባቸዋል። አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያስረዳ ትልቅ ሰው ይፈልጋል። የሩጫ ጓዶቹም ጎልተው አይወጡም። ሜክሲኮ ላይ አበበ በእግር ሕመም 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ሲያቋርጥ ማራቶኑን ለኢትዮጵያ ያሸነፈው ማሞ ወልዴ ነው። አንዱ ሲወድቅ ሌላው አደራውን መቀበሉ ለልጆች ከብዙ ምክር ይበልጥ ነበር።

ከፊልሙ ወደ ጓዳችን

ይህን ሁሉ የምጽፈው ነገሩ የፊልም ብቻ ስላልሆነ ነው። ከዴጀን በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ የሚደርሰው መንገድ ላይ ባጃጅም ሞተር ሳይክልም አለ። ባሕር ዛፍ ሊቆርጥ ወጥቶ የሚወድቅ፣ የቤት ክዳን ሲሠራ የሚንሸራተት፣ በሬ ወግቶ የሚጥለውም አለ። ከነዚህ መካከል ወገቡ ወይም አንገቱ ተጎድቶ ዳግመኛ የማይቆም ይኖራል። እንዲህ ያለው ሰው በየቤቱ ጓዳ ተኝቶ አይቻለሁ። ቤተሰቡ ክፉ ሆኖ አይደለም። «ሰው አይይብን»፣ «የእግዜር ቁጣ ነው»፣ «ከእንግዲህ ምን ይሆናል» የሚለው ሐሳብ በሩን ይዘጋበታል። ከጉዳቱ ይልቅ የተዘጋው በር ቶሎ ይገድላል።

ስለዚህ ፊልሙ የዘለለውን እኛ እንሙላ።

አደጋ ሲደርስ የተጎዳውን በብብቱ ይዞ አለማንሳት፣ ቁጭ አለማድረግ፣ በጀርባ አለማዘል። ራሱ፣ አንገቱና ወገቡ በአንድ መስመር እንደሆኑ፣ ሦስት አራት ሰው አንድ ላይ ቆጥሮ ጠፍጣፋ ሳንቃ ወይም ቃሬዛ ላይ አድርጎ ወደ ሕክምና ማድረስ።

ቤት ከገባ በኋላ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፤ ሌሊትም ቢሆን ተራ ገብቶ። መቀመጫውን፣ ተረከዙን፣ ዳሌውን በየቀኑ በብርሃን ማየት። ቆዳው ቀልቶ ቢቆይ ቁስል እየመጣ ነውና በዚያ ጎን አለማስተኛት፣ ወደ ጤና ጣቢያም መንገር። አንሶላው ደረቅና ያልተጨማደደ ይሁን። እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮና ባቄላ ቆዳ የሚጠግኑ ምግቦች ናቸው። ሽንቱ ቢደፈርስ፣ ቢሸት ወይም ቢያተኩሰው ቶሎ ማሳከም።

እግሩ የማይሰማው ሰው እሳት አጠገብ አይቀመጥ፤ «ብርድ ነው» ተብሎ ምድጃ ዳር የተቀመጠ እግር ሳይታወቅ ይቃጠላል። መገጣጠሚያዎቹን ጠዋትና ማታ በቀስታ ማጠፍና መዘርጋት። ከሁሉም በላይ ሥራ መስጠት፤ የልጆችን ትምህርት ይከታተል፣ ሒሳብ ይያዝ፣ የእጅ ሥራ ይሥራ። አበበ ቀስት ያነሳው ጊዜውን ለማሳለፍ ብቻ አልነበረም። ዒላማ ያለው ሰው ነገን ይጠብቃል።

አስታማሚውንም አንርሳ። ብዙ ጊዜ ይህ ሸክም የሚወድቀው በአንዲት ሚስት ወይም በአንዲት ሴት ልጅ ላይ ነው። ወገቧ ሲጎብጥ የሚያያት የለም። ሠፈርተኛው ለለቅሶ ድንኳን እንደሚተክል ሁሉ በሳምንት አንድ ሌሊት ተራ ቢገባላት ምን አለበት?

ልጆችን ምን እንጠይቅ?

ሁለቱን ፊልሞች ማየቱን እመክራለሁ። «አሊ» ጠንከር ያለ ድብድብና የትልቅ ሰው ጉዳይ ስላለበት ለጎረምሶች ይሁን፤ «አትሌቱ»ን ከፍ ያሉ ልጆች ከትልቅ ሰው ጋር ቢያዩት ይጠቅማቸዋል። ፊልሙ ሲያልቅ ስልኩን ቶሎ አታንሱ፤ ጥቂት ጥያቄ ጠይቁ። አሊ የተቀበለው ቡጢ የት የሄደ ይመስላችኋል? አበበ ይበልጥ የበረታው ሮም ላይ ነው ወይስ አልጋው ላይ? እሱን ያገላበጠው እጅ ሜዳሊያ ይገባው ነበር? የልጆች መልስ አንዳንዴ ከፊልሙ ይበልጣል።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ፣ የአደጋው መዘዝ ባስከተለው የአንጎል ደም መፍሰስ አረፈ። በሩጫ ያገኘውን ክብር አገር ሁሉ ያውቀዋል። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ያሳየውን ግን ልጆቻችን ከኛ ይስሙት። ታዲያ «አትሌቱ»ን የምትከፍቱ ዕለት፣ በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ጓዳ የተኛ ሰው ካለ አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ ፈቃዱ ከሆነም አልጋውን ወደ ሳሎን አውጡለትና አብሯችሁ ይይ።