ለሴት ዘፋኝ ድምፅ የሚስማማ ማይክሮፎን በመጠነኛ ዋጋ ስለ መምረጥ

በመንዝ አገር የጥር ወር የሠርግ ወር ነው። ከጥምቀት በኋላ የዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ባሉት ሳምንታት፣ ከመሐል ሜዳ አንሥቶ በጓሳ ዙሪያ እስካሉት መንደሮች ድረስ ድንኳን ያልተተከለበትና ጄኔሬተር ያልጮኸበት ሰንበት አይገኝም። ድንኳንና ወንበር፣ ድስትና ብርጭቆ የሚያከራዩ ነጋድያን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የድምፅ ማጉያም አብረው ማከራየት ይዘዋል፤ ገበያውም ደኅና ነው። ይሁን እንጂ ስለዚሁ ዕቃ በነጋድያን መካከል የሚደረገው ጭውውት ሁሉ ስለ ሣጥኑ ትልቅነትና ስለ ዋቱ ብዛት ነው። ከዘፋኟ አፍ ፊት የሚቆመው ትንሽ ዕቃ፣ ማለትም ማይክሮፎኑ፣ ከሣጥኑ ጋር በምርቃት የሚሰጥ ነገር ይመስል ተንቆ ይታለፋል።

ጉዳቱ ፈጥኖ የሚታየው በሴት ዘፋኞች ላይ ነው። ወንዱ አዝማሪ ድምፁ ወፍራም ስለ ሆነ በመጥፎ ማይክሮፎንም ቢሆን እንደ ምንም ይወጣዋል። ሴቲቱ ግን ድምፅዋ ወይ ጆሮ እየወጋ ይወጣል፣ ወይም በከበሮውና በመሰንቆው ሥር ተቀብሮ ይቀራል። ተቀብሮ ሲቀርባት ትጮኻለች፤ ስትጮኽ ካደረች በማግሥቱ በመልሱ ቀን ጉሮሮዋ ተዘግቶ ትገኛለች። ሠርገኛው «ድምፅ የላትም» ብሎ ያማታል፤ በሚቀጥለውም ሳምንት የሚጠራት አይኖርም። የእንጀራዋ ነገር በዚህ ዕቃ ላይ የተንጠለጠለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አከራዩም ቢሆን ከወቀሳው አያመልጥም፤ የሠርጉ ባለቤት ሒሳብ ሲከፍል «ጋሼ፣ ዕቃህ ሲያፏጭ አደረ» እያለ ዋጋ ይቀንስበታል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ስለ ድምፅ ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ድምፅ በሴኮንድ በሚቆጠር ንዝረት ይለካል፤ መለኪያውም ሄርዝ ይባላል። በተራ ንግግር ጊዜ የወንድ ድምፅ መሠረት ከ85 እስከ 180 ሄርዝ ገደማ ሲሆን፣ የሴት ከ165 እስከ 255 ገደማ ነው። በዘፈን ጊዜ ግን ሴቲቱ ከዚህ እጅግ ከፍ ብላ 500ን ታልፋለች፤ አንዳንዴም ወደ 1,000 ትጠጋለች። ከመሠረቱ በላይ ደግሞ ለድምፁ መልክ የሚሰጡ ተከታይ ንዝረቶች አሉ። ቃሉ ጥርት ብሎ እንዲሰማ የሚያደርጉት በተለይ ከ2,000 እስከ 5,000 ሄርዝ ያሉት ናቸው፤ የሰው ጆሮም ከሁሉ ይልቅ ንቁ የሚሆነው በዚሁ ስፍራ ነው።

እንግዲህ የዘፋኝ ማይክሮፎን የሚሠሩት ፋብሪካዎች ቃል እንዲጠራ ብለው በዚሁ ከፍታ አካባቢ ድምፁን ጥቂት ከፍ ያደርጉታል። ለወፍራም የወንድ ድምፅ ይህ መልካም ነገር ነው። ድምፅዋ በተፈጥሮው ለሰላና ለቀጠነ ሴት ግን የተሳለውን ካራ እንደ ገና መሳል ይሆናል። በሌላ በኩል ደግሞ ድምፅዋ ዝቅና ለስለስ ላለ ዘፋኝ ያው ማይክሮፎን ይረዳታል። ስለዚህ «ለሴት የሚሆነው ማይክሮፎን የትኛው ነው?» ተብሎ ለሚቀርበው ጥያቄ አንድ መልስ አይገኝለትም፤ ሻጩ መልሶ «ለየትኛዋ ሴት?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ከታወቁት ዘፋኞቻችን ምሳሌ ብንወስድ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ያረፈችው አስናቀች ወርቁ ክራርዋን ይዛ ስታንጎራጉር አጠገብዋ ለተቀመጠ ሰው የምታወራ ትመስል ነበር። እንዲህ ያለው አዘፋፈን ማይክሮፎን ከመጣ በኋላ ነው በትልቅ አዳራሽ ለብዙ ሰው ሊሰማ የቻለው፤ ከዚያ በፊት ድምፁ ያልጎላ ሰው በአደባባይ ቦታ አልነበረውም። በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ የታወቀችው ብዙነሽ በቀለ ከነሐስ መሣሪያዎች ጋር እየተጋፋች የዘፈነች ናት። አስቴር አወቀ ደግሞ ድምፅዋን ወደ ላይ አውጥታ የምታርገበግብ ናት። ለእነዚህ ሦስት ሴቶች አንድ ዓይነት ማይክሮፎን አቅርቦ እኩል ውጤት መጠበቅ፣ ለሦስት ሰው በአንድ ልክ ጫማ እንደ መግዛት ነው።

በገበያ ላይ ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ዳይናሚክ የሚባለው ነው። በውስጡ ስስ ሽፋን አለ፤ በሽፋኑ ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ተያይዟል፤ ሽቦው በማግኔት መካከል ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይወጣዋል። ከውጭ ኃይል አይፈልግም፤ ቢወድቅም በቀላሉ አይሞትም። ሁለተኛው ኮንደንሰር የሚባለው ሲሆን፣ ጥቃቅኑን ድምፅ ሳይቀር የሚይዝ ለስቱዲዮ የተመረጠ ዕቃ ነው። ሆኖም ከሚክሰሩ የ48 ቮልት ኃይል ይፈልጋል፤ እርጥበትም ይጎዳዋል። በድንኳን ውስጥ ደግሞ የዘፋኟን ድምፅ ብቻ ሳይሆን የብርጭቆውን ኳኳታና የሕፃኑን ልቅሶ ጭምር ይሰበስባል። ለአከራይ ነጋዴ ዳይናሚኩ ይበቃዋል፤ በዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም።

ከዚህ ይልቅ ማስተዋል የሚገባው ማይክሮፎኑ ከየት አቅጣጫ እንደሚሰማ ነው። ካርዲዮይድ የሚባለው የልብ ቅርጽ ያለው ሲሆን፣ ከፊት ለፊት የመጣውን በሙሉ፣ ከጎን የመጣውን በከፊል ይቀበላል፤ ከኋላው ግን የማይሰማ ያህል ነው። ሱፐርካርዲዮይድ የሚባለው ከጎኑ የበለጠ ጠባብ ነው፤ ነገር ግን በቀጥታ ከኋላው የመጣውን ጥቂት ይቀበላል። ይህን ያልተረዳ ሰው ለዘፋኟ የተሰጠውን መስሚያ ሣጥን በትክክል ከማይክሮፎኑ ጀርባ ያስቀምጥና ፉጨቱ ሌሊቱን ሙሉ አያርፍም። ለካርዲዮይድ ሣጥኑ ከጀርባው፣ ለሱፐርካርዲዮይድ ግን ከጀርባው ወደ አንድ ጎን ዘወር ብሎ መቀመጥ አለበት። በእኛ አገር ሠርግ እልልታው በድንገት ከዘፋኟ ጎን ይነሣል፤ ከበሮ መቺዋም ትከሻ ለትከሻ ናት። ስለዚህ ጠባቡ ዓይነት አቀማመጡን ለሚያውቅ ሰው ብዙ ይጠቅማል፤ ለማያውቅ ግን ካርዲዮይዱ ይሻለዋል።

የቋንቋችንም ጠባይ የራሱ ጣጣ አለው። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ የሚባሉት ፊደሎቻችን እንደ ርችት የሚፈነዱ ናቸው፤ ሰ እና ሸ ደግሞ በከፍተኛው ንዝረት ላይ ያፏጫሉ። የውጭ አገር መመሪያዎች የሚያስጠነቅቁት ስለ ፐ ትንፋሽ ነው፤ ለእኛ ፐ እምብዛም አያሳስበንም። «ጸጸት»፣ «ጨረቃ»፣ «ስስት» የሚሉትን ቃላት ዘፋኟ በማይክሮፎኑ ብትላቸው፣ ርካሹ ዕቃ ወዲያውኑ ራሱን ያጋልጣል። አፏን በቀጥታ ወደ መሐሉ ከማድረግ ጥቂት ወደ ጎን ዘንበል ብታደርገው ፉጨቱ ይበርዳል።

ምንም ዋጋ የማይጠይቁ ሁለት መድኃኒቶችም አሉ። የመጀመሪያው ርቀት ነው። ወደ ማይክሮፎኑ በተጠጉ መጠን ወፍራሙ የድምፅ ክፍል እየጨመረ ይሄዳል። ድምፅዋ ቀጭን የሆነ ዘፋኝ እስከ ሦስትና አራት ጣት ድረስ ብትጠጋ ሥጋ ያገኛል፤ በከፍታው ላይ ስታርገበግብ ደግሞ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ማለት አለባት። ሁለተኛው በሚክሰሩ ላይ ያለው ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጠው ቁልፍ ነው። ይህ ቁልፍ ከ75 ወይም ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን ይቀንሳል። የሴት ድምፅ መሠረት ከዚያ በላይ ስለ ሆነ ዘፋኟ ምንም አይቀርባትም፤ የከበሮው ድምድምታ፣ የነፋሱና የእግር ኮቴው ግን ይቀንሳል። ከተከራዮች ብዙዎቹ ይህን ቁልፍ ነክተውት አያውቁም።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ በብር ብዙ ስለ ተነሣ፣ እዚህ በብር ከመጻፍ በአሜሪካ ገበያ ያለውን የችርቻሮ ዋጋ በዶላር ማመልከት ይሻላል። አንባቢው በሚገዛበት ቀን ምንዛሪ አባዝቶ፣ ማጓጓዣውንና ቀረጡን ደምሮ ያስላው። ቤሪንገር ኤክስ ኤም 8500 የሚባለው ከ20 ዶላር ጥቂት ከፍ ይላል። አካሉ ብረት ነው፤ ድምፁም ከዋጋው ይበልጣል። ሹር ፒ ጂ ኤ 58 ከ50 እስከ 70 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛል። ፒ ጂ ኤ 48 የሚባለው ወንድሙ ረከስ ያለ ቢሆንም፣ ፋብሪካው ራሱ በይበልጥ ለንግግር ያዘጋጀው ስለ ሆነ ለዘፋኝ ባይገዛ ደስ ይለኛል። ሹር ኤስ ኤም 58 እና ዜንሃይዘር ኢ 835 ሁለቱም ወደ 100 ዶላር ይጠጋሉ፤ አንዳንዴም ጥቂት ያልፋሉ። ኢ 845 የሚባለው ሱፐርካርዲዮይዱ ከዚያ ከፍ ይላል።

ኤስ ኤም 58 እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣ ነው። ከ50 እስከ 15,000 ሄርዝ ያለውን ይቀበላል፤ ላይኛው ክፍሉ እምብዛም የሚበራ ስላልሆነ ድምፅዋ ስለታም ለሆነ ሴት እርሱን እመርጥላታለሁ። ዜንሃይዘሩ ይልቅ ብሩህ ነው፤ ዘፋኟ ስትርቅና ስትቀርብም መልኩ ብዙ አይለዋወጥም። ስለዚህ ድምፅዋ ለስላሳ ለሆነና እስክስታ እየወረደች ለምትዘፍን ይሆናል። አቅም ካነሰ ቤሪንገሩን ገዝቶ የተረፈውን ገንዘብ በደኅና ገመድና በመቆሚያ ላይ ማዋል፣ ስሙ ትልቅ የሆነውን ሐሰተኛ ዕቃ ከመግዛት ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ስለ ሐሰተኛው ነገር መለስ ብሎ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ኤስ ኤም 58 በዓለም ላይ እጅግ ከሚመሳሰልባቸው ማይክሮፎኖች አንዱ ነው። በዚሁ በወረዳችን አንድ ድንኳን አከራይ ከአዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ በሢሶ ዋጋ ሁለት ገዝቶ አምጥቶ ነበር። ሣጥኑ፣ ከረጢቱ፣ ወረቀቱ ሁሉ የተሟላ ነው። በሁለተኛው ሠርግ ላይ አንደኛው ውስጡ መንኳኳት ጀመረ፤ ሌላውም ድምፁ በጨርቅ እንደ ተሸፈነ ሆነ። እውነተኛው ያለ ገመዱ 298 ግራም ይመዝናል፤ አስመስለው የሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ይቀልላል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት በአጠገብ ካለ የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነውር አይደለም፤ ወርቅ ስንገዛ እናስመዝን የለምን? ደግሞም ገመዱ የሚሰካበትን የታችኛውን ጫፍ ቢመለከቱ፣ በእውነተኛው ላይ ሦስቱ እሾሆች 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር አላቸው። ከሁሉ የሚያስተማምነው ግን ደረሰኝና የመመለስ ውል ነው። ደረሰኝ አልሰጥም ከሚል ሱቅ ማይክሮፎን መግዛት አይገባም።

ገመዱም የራሱ ነገር አለው። ከነገመዱ ተጣብቀው የሚሸጡት ርካሾች ብዙዎቹ በአንድ ወፍራም ጃክ የሚያልቁ ናቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ ከፍተኛ ኢምፔዳንስ ያላቸው፣ ገመዳቸው ከ6 ሜትር ገደማ ሲያልፍ የድምፁ ጥራት እየጠፋ ይሄዳል። የሴት ድምፅ ደግሞ የሚታወቀው በዚያው በሚጠፋው ክፍል ነው። ባለ ሦስት እሾሁ ግን በድንኳኑ ዙሪያ 20 ሜትር ቢጎተትም አይጎዳም። ገመድ የለሹን በተመለከተ፣ ገንዘቡ እኩሉ ለሬዲዮው እንጂ ለድምፁ እንዳልሆነ አውቆ መግዛት ነው፤ በ50 ዶላር የሚሸጥ ገመድ የለሽ ማይክሮፎን በ25 ዶላሩ ባለ ገመድ ይበለጣል።

ለመግዛት ሲኬድ ዘፋኟን ይዞ መሄድ ነው፤ የመኪናዋን መክፈል ከኪሣራ ይርሳል። በሱቁ ውስጥ ሻጩ አስቀድሞ ኤኮውን ይከፍተዋል፤ ኤኮ የማያሳምረው ድምፅ የለምና በመጀመሪያ እርሱ ይዘጋ። ከዚያ በኋላ በሁለት ወይም በሦስት ማይክሮፎን አንዱን ዘፈን፣ በአንድ ርቀት፣ ማጉያው በአንድ ልክ ሳለ ትዝፈን። ገዢው ከአጠገብዋ አይቁም፤ ከሱቁ ውጭ ሆኖ ፊቱን አዙሮ ቢሰማ ይበጃል፤ ሠርገኛው የሚሰማው ከሩቅ ነውና። በመጨረሻ እርስዋን ራስዋን መጠየቅ ነው፤ «እትዬ፣ በየትኛው ስትዘፍኚ ጉሮሮሽ ዐረፈ?» ቢሉአት፣ ከመሣሪያው ወረቀት የበለጠ እውነት ትናገራለች።

የጓሳ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ ደጋ ስለ ሆነ፣ ሣሩን ሳር ላይ የሚያስተኛው ነፋስ ለማይክሮፎንም አይመለስም። በሜዳ ላይ ለሚደረግ ዘፈን የስፖንጅ ቆብ ያስፈልጋል፤ ዋጋው ጥቂት ነው። በበጋ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ፣ በመኪና ላይ ያደረ ማይክሮፎን ሰው ወደ ሞላበት ድንኳን ሲገባ ጤዛ ያዝበታል። ሣጥኑ እንደ ተዘጋ ለግማሽ ሰዓት ያህል አቆይቶ መክፈት ይገባል። ከሠርጉም በኋላ የወንፊቱን ቆብ ፈትቶ፣ በውስጡ ያለውን ስፖንጅ ለብ ባለ ውሃ አጥቦ፣ በጥላ በደንብ አድርቆ መመለስ ነው፤ የወንፊቱ ቆብ ቢጨረመት ደግሞ ለብቻው ይሸጣልና ማይክሮፎኑን በሙሉ መለወጥ አያስፈልግም።