ባሕር ጠልቆ ወደ ደጋ ስለ መመለስ

በፎገራ ሜዳ ያደገ ሰው ወንዛዬ ፍል ውሃ የሚወርድ ቤተ ዘመድ እንዴት እንደሚሰናዳ ያውቃል። ስንቁ ይቋጠራል፤ የሚታጠቡበት ቀን ይቈጠራል፤ ከውሃው የወጣውም ሰው ጋቢ ተከናንቦ ይቀመጣል እንጂ ወዲያው ነፋስ አይወጣም። አያቶቻችን በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። ዘንድሮ በክፍላችን አንድ ጓደኛችን፣ «ጅቡቲ ወርዶ፣ ባሕር ውስጥ ጠልቆ፣ ዓሣውን በገዛ ቤቱ ለማየት ምን መሰናዳት ያስፈልጋል?» ብሎ ጠየቀ። መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት ነገር ከአያቶቻችን ጥንቃቄ ጋር የሚመሳሰል ስለ ሆነብኝ፣ ለአንባቢዎች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እነሆ ጻፍሁት።

ሰው በውሃ ውስጥ እየተነፈሰ እንደ ልቡ መዋኘት ከጀመረ ብዙ ዘመን አይደለም። ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባሉ ፈረንሳውያን የታመቀ አየር ከሲሊንደር እየመጠነ ለጠላቂው የሚሰጠውን መሣሪያ የሠሩት በ1943 እ.ኤ.አ. ነው። ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ የኢጣልያ ጠላቂዎች ከምጽዋ ወዲያ ባሉት በዳህላክ ደሴቶች ጠልቀው፣ ፎልኮ ኲሊቺ ያዘጋጀው ፊልም በ1954 እ.ኤ.አ. ታይቷል። ኤርትራ በ1993 እ.ኤ.አ. ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ግን አገራችን የባሕር ጠረፍ ስለሌላት፣ ለኛ የሚቀርበን ጅቡቲ ነው። እዚያም ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ በአርታ አጠገብ፣ ዌል ሻርክ የሚባለው ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ዓሣ ይታያል። ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትን እያጠለለ የሚበላ ነው እንጂ ሰው አይበላም። የክረምት ዕረፍታችን የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ወራት ስለ ሆነ፣ ለጉዞው የገና ሰሞን ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በባሕር ጠለል ላይ ያለውን የአየር ግፊት አንድ ብንል፣ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት አንድ አንድ ይጨመራል፤ በ10 ሜትር ሁለት፣ በ20 ሜትር ሦስት ይሆናል። ጠላቂው የሚተነፍሰው አየር በዚያው ልክ የታመቀ ነውና፣ በአየር ውስጥ የሚበዛው ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ችግሩ የሚመጣው ሲወጡ ነው። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በድንገት ሲከፈት እንዴት እንደሚገነፍል፣ ቀስ ተብሎ ሲከፈት ግን እንዴት እንደሚረጋ ሁላችን አይተናል። ጠላቂውም በዝግታ ካልወጣ ናይትሮጅኑ አረፋ ይሆንና መገጣጠሚያውን ያሳምመዋል፤ ያደነዝዘዋል፤ ሲብስም ሽባ ሊያደርገው ወይም ሊገድለው ይችላል። ትንፋሽን ይዞ መውጣትም ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ በ10 ሜትር የተሳበ አየር ከላይ ሲደርስ እጥፍ ስለሚሆን ሳንባን ይቀድዳል።

እስከዚህ ድረስ ለማርሴይ ሰውም ለኛም ሕጉ አንድ ነው። ነገር ግን የማርሴይ ሰው ከውሃው ወጥቶ የሚገባበት ቤት በባሕር ጠለል ላይ ነው። ወረታ ግን በ1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለ ሆነች ግፊቷ 0.8 ያህል ብቻ ነው። ናይትሮጅኑ ለብዙ ሰዓት በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ፣ ከባሕር ወጥቶ ወዲያው ደጋ የሚወጣ ሰው ጠርሙሱን ሁለተኛ ጊዜ ከፈተ ማለት ነው።

ስለዚህ አውሮፕላን ከመሳፈር በፊት አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀኖች የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል፤ ብዙ አስተማሪዎች 24 ያደርጉታል። በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው አየር በ2,400 ሜትር ከፍታ፣ ማለት በአዲስ አበባ አካባቢ፣ እንዳለው አየር ሊሳሳ ይችላልና።

«እኔ በመኪና ነው የምመለሰው፤ ይህ አይመለከተኝም» የሚል ቢኖር ግን የወረታን መንገድ ያስብ። ከጅቡቲ በሚሌ አድርጎ ወልድያ ይወጣል፤ ከዚያ በጋሸና በኩል ነፋስ መውጫን ይሻገራል፤ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደኛ ይወርዳል። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው! መኪናው ተሳፋሪውን ከአውሮፕላኑ ይልቅ ወደ ሳሳ አየር ያወጣዋል። ከላይ ያሉት ሰዓቶች የተቈረጡት እስከ 2,400 ሜትር ላለው ስለ ሆነ፣ ለዚህ መንገድ አይበቁም። እንግዲህ የጉዞው ዕቅድ ከመመለሻው ቀን ወደ ኋላ እየተቈጠረ ይሠራል። እኔ ብሆን የመጨረሻውን ጥልቀት ሐሙስ ጧት አድርጌ፣ ዓርብን ሙሉ ከባሕር ዳር (ከተማዋን አላልሁም) ተቀምጬ፣ ቅዳሜ ተነሥቼ ሚሌ አድር ነበር፤ እሑድም ወደ ደጋው። ይህንኑ መንገድ ለአስተማሪው አስረድቶ ፈቃዱን መጠየቅ ይገባል፤ የጠረፍ አገር ሰው ስለ ነፋስ መውጫ ላያውቅ ይችላል።

ወላጆች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ በጀልባው ላይ ኦክሲጅን አለ ወይ? ሰው ቢታመም የግፊት ሕክምና ክፍል የሚገኘው የት ነው? ሐኪምም ጆሮንና ሳንባን ይመርምር፤ በተለይ አስም ያለበትን።

ከሁሉ በፊት ግን ዋና መቻል አለ። ብዙ ማሠልጠኛዎች እስከ 18 ሜትር ለመጥለቅ የሚያበቃውን ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ይፈትናሉ። ይህን በሐምሌ ጎርፍ በጉማራ ወይም በርብ ላይ ለመለማመድ የሚያስብ እንዳይኖር አደራ። ጠያቂው ጓደኛችን ዕረፍት በሆነ ቁጥር ባሕር ዳር (አሁን ከተማዋን ነው) ዘመዶቹ ዘንድ እየሄደ በመዋኛ ገንዳ ይለማመዳል፤ እስካሁን 60 ሜትር ደርሷል።