ከልጓሙ ጀርባ

ፈረስ ገበያ የወጣ ገዢ ኮቴውን ከማንሳቱ በፊት ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። የሚፈልገው ዕድሜውን ነው። ፈረስ አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላው የወተት ጥርሶቹ ሁሉ በቋሚ ጥርስ ይተካሉ፤ ከዚያ ወዲህ በፊት ጥርሶቹ ገጽ ላይ ያሉት ጉድጓዶች ዓመት በዓመት ይፋቃሉ። የለመደ ዐይን በዚህ ይገምታል፤ ፈረሱ ካረጀ ግን ግምቱም ይላላል። ፈረሱን የሚያሠቃየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ገዢው የማያየው ነው፤ ጉንጩ ውስጥ ያሉት መንጋጋዎች።

የፈረስ ጥርስ አንዴ በቅሎ የሚቆም አይደለም። በወጣትነቱ አንዱ መንጋጋ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ አብዛኛው ግን ከድድ በታች አጥንት ውስጥ ተቀብሮ ነው። ይህ የተቀበረው ክፍል በየዓመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ አፍ ይገፋል፤ ሣሩ ደግሞ ያንኑ ያህል ይፈጨዋል። ሜዳ ላይ የተለቀቀ ፈረስ በቀንና ሌሊት 16 ሰዓት ያህል ሊግጥ ስለሚችል ገቢና ወጪው ይመጣጠናል።

ችግሩ የሚመጣው ከአፉ አሠራር ነው። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ይሰፋል። ስለዚህ ከላይኞቹ ጥርሶች በጉንጭ በኩል ያለው ጠርዝ፣ ከታችኞቹ ደግሞ በምላስ በኩል ያለው፣ የሚፋጨው አጥቶ እንደ ቢላ ይሾላል፤ ጉንጭና ምላስም ያቆስላል። ሣርና ድርቆሽ አገጩን ወደ ጎን አስፍቶ ስለሚያስኬድ ጠርዙን ይበላዋል። ገብስና ፉርሽካ ይህን አያደርጉም። ጋሪ ሲጎትት ውሎ ማታ ከከረጢት ጥሬ የሚበላ ፈረስ ከሜዳው ፈረስ ይልቅ የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው።

አንዳንዱ ፈረስ ያኘከውን ሣር አድቦልቡሎ ይጥላል፤ ራሱን አዘንብሎ ይበላል፤ ይከሳል። ፋንድያው ውስጥ ያልተፈጨ ገብስ ይታያል። የላይኞቹ የኋላ መንጋጋዎች ሥር ከአፍንጫ ጎን ወዳሉት የአጥንት ክፍተቶች ስለሚደርስ፣ ሥሩ ሲመግል ከአንደኛው አፍንጫ ብቻ የሚሸት ፈሳሽ ይወርዳል። ብዙው ግን ምንም ሳያሳይ፣ እያመመው ይበላል። ልጓም አልቀበል ያለውም «አመለኛ» ተብሎ ከመገረፉ በፊት አፉ ይታይለት ባይ ነኝ፤ ምናልባት ከመጀመሪያው የላይኛ መንጋጋ ፊት የበቀለች ትንሽ ጥርስን ልጓሙ እየመታት ይሆናል።

ሐኪሙ ፈረሱን በማደንዘዣ ካረጋጋ በኋላ አፍ መክፈቻ ብረት ያስገባል። ያለ ብረቱ እጅ መስደድ ጣት ያስከፍላል። የተሰገሰገውን ምግብ በውኃ አጥቦ፣ በባትሪና በመስተዋት አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ፣ ከዚያ እጀታው በረዘመ ሞረድ የሾለውን ይሞርዳል። የሾለው ጫፍ ሕመም የሚሰማው ነርቭ ስለሌለው ሥራው በልኩ ከሆነ አያምም። ልኩን ማለፍ ግን አደጋ ነው፤ በተለይ በሞተር የሚሠራው ሞረድ ጥርሱን አግሎ በውስጡ ያለውን ሕያው ክፍል ይጎዳል። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ሁሉም ካልለሰለሰ ሥራው የተጠናቀቀ አይመስለውም። ሣሩን የሚፈጨው እኮ ሻካራው ገጽ ነው!

ለጎልማሳ ፈረስ በዓመት አንድ ምርመራ ይበቃል። ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ላለው ግን በየስድስት ወሩ ማሳየት ይሻላል፤ 24ቱ የወተት ጥርሶች የሚወልቁት በዚያ ጊዜ ነው፤ ቅርፊታቸውም አዲሱ ጥርስ ላይ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። ቢሾፍቱን በመሰሉ ጋሪ በለመዱ ከተሞች ፈረስ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ሲቆስል ወይም ሲያነክስ ነው፤ በዚያው አፉንም ማሳየት ሌላ ቀን አያባክንም።

ሃያ ዓመት ላለፈው ሞረድ ብዙም አይረዳውም፤ የተቀበረው ጥርስ እያለቀ ነውና። ደረቅ ድርቆሽ ጉሮሮው ላይ ሊቀረቀር ይችላል። ፉርሽካውን በውኃ አርሶ፣ ለስላሳውን ሣር ከትፎ፣ ከሌሎቹ ለይቶ ማቅረብ ነው፤ አዝግሞ ስለሚበላ ወጣቶቹ ቀድመው ይጨርሱበታል።