ሴት ለምን አታርስም?

በኢትዮጵያ ደጋ ሴት እጇን ያላስገባችበት የእርሻ ሥራ የለም ማለት ይቻላል። ጓል ትከሰክሳለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ነዶ ትሸከማለች፣ ታበጥራለች፣ እህሉን ጎተራ ታስገባለች። እርፍ ጨብጦ በሬ መንዳት ግን የወንድ ነው። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት የራሷ መሬት እያላት፣ የሚያርስላት ልጅ ወይም ወንድም ካጣች ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ ከምርቱም ግማሹ በዚያው ይቀራል። ልማዱ በየዓመቱ ከእነዚህ ሴቶች ጎተራ እህል ያጎድላልና ከየት እንደመጣ መመርመር ይገባል።

«ተፈጥሮ ነው» የሚለው መልስ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። በእንስሳት ዓለም ሴትና ወንድ የሚለዩት በመጀመሪያ በዘር ሕዋሳቸው መጠን ነው። ትልቅና ስንቅ የቋጠረ ሕዋስ የምታዋጣው ሴት፣ ትንሽና ተንቀሳቃሽ የሚያዋጣው ወንድ ይባላል። የሰው እንቁላል ስፋት የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ የስፐርም ራስ ከዚያ ሃያ እጅ ያህል ያንሳል። ሴት ልጅ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ያልበሰሉ እንቁላሎች ይዛ ትመጣለች፤ በዕድሜዋ ሙሉ በስለው የሚወጡት ከ400 እስከ 500 ያህሉ ብቻ ናቸው። ጤነኛ ወንድ በአንድ ቀን በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ስፐርም ያመርታል። አጥቢ እንስሳት ላይ ሲደረስ ደግሞ እርግዝናና ጡት ይጨመራሉ። ሌላ ምግብ ላልጀመረ ሕፃን ወተት ለማዘጋጀት የእናት አካል በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ተጨማሪ ኃይል ያስፈልገዋል።

ከዚህ እውነት ተነስቶ ወዴት ይኬዳል የሚለው ነው ሳይንቲስቶችን ሲያከራክር የኖረው። እንግሊዛዊው አንገስ ቤትማን እ.ኤ.አ. በ1948 የፍራፍሬ ዝንቦችን አጥንቶ፣ ወንዱ ብዙ ሴት ባገኘ ቁጥር ልጆቹ ይበዛሉ፣ ሴቷ ግን ወንድ በማብዛት ያን ያህል አትጠቀምም ሲል ደመደመ። በዚህ ላይ ብዙ ተገነባበት፤ ወንድ በተፈጥሮው ተፎካካሪ፣ ሴት በተፈጥሮዋ ቁጥብና ቤት ጠባቂ ናት እስከ ማለት ተደረሰ። አሜሪካዊቷ ፓትሪሺያ ጋዋቲና ባልደረቦቿ ሙከራውን ደግመው እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱን ሲያወጡ ግን ቆጠራው የተዛባ ሆኖ ተገኘ። ቤትማን የእያንዳንዱን ልጅ ወላጆች የለየው ከእናትና ከአባት በሚወረሱ፣ በዓይን በሚታዩ የአካል እንከኖች ነበር። ከሁለቱም ወገን እንከን የወረሱት ልጆች ብዙዎቹ ሳይቆጠሩ ሞተዋል።

ሮበርት ትሪቨርስ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው ሐሳብ የበለጠ ሩቅ ወስዶናል፦ ጠባይን የሚቀርጸው ለልጅ ማሳደግ ማን የበለጠ ያወጣል የሚለው ነው። በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዳር በረጃጅም ጣቶቿ የውሃ ቅጠል ላይ የምትራመድ ጃካና የተባለች ወፍ አለች። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ ክልሏን ታስከብራለች፣ ከበርካታ ወንዶች ጋር ትጣመራለች። እንቁላሉን የሚታቀፈውና ጫጩቶቹን በክንፉ ሥር ሸሽጎ የሚያሸሸው ወንዱ ነው። በእሷም ቢሆን ትልቁን የዘር ሕዋስ የምታዋጣው ሴቷ ናት፤ ድርሻቸው ግን ተገልብጧል።

ስለ ሰው አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ጁዲት ብራውን እ.ኤ.አ. በ1970 ያነሳችው ነጥብ የእርሻውን ጥያቄ በደንብ የሚፈታው ይመስለኛል። ብራውን የጠየቀችው ሴት ምን መሥራት ትችላለች ብላ ሳይሆን፣ ሕፃን እየጠበቁ የትኛው ሥራ ይሠራል ብላ ነው። መልሷም፣ በመሃል ሊቋረጥና ሊቀጥል የሚችል፣ ከቤት ብዙ የማያርቅ፣ ለሕፃን አደጋ የሌለው የሚል ነው። ልጅ አዝሎ ማረም ይቻላል፤ ልጅ አጠገብ አስቀምጦ ጥጥ መፍተልም እንዲሁ። ሁለት በሬ ጠምዶ፣ በአንድ እጅ እርፍ በሌላው ጅራፍ ይዞ ትልም ማስያዝ ግን ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር የሚቆም ሥራ አይደለም። የጤፍ ማሳ ደግሞ ተደጋግሞ መታረስ አለበት፤ ዝናቡም ቀን አይሰጥም።

በዚያው ዓመት ዴንማርካዊቷ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኤስተር ቦዝሩፕ በዶማ የሚቆፈርበትን አገር በበሬ ከሚታረስበት ለይታ፣ ዶማ ባለበት የእርሻው ትልቁ ድርሻ የሴት መሆኑን፣ ማረሻ በገባበት ማሳው ወደ ወንድ እጅ ማለፉን ጻፈች። አልቤርቶ አሌሲና፣ ፓኦላ ጁሊያኖና ናታን ነን እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን በብዙ አገሮች መረጃ ፈተሹት። አያት ቅድመ አያቶቻቸው በማረሻ ያርሱ የነበሩ ሕዝቦች ዛሬም ሴት ከቤት ውጭ መሥራቷን የሚያዩበት ዓይን ጠበብ ያለ ነው። ይበልጥ የሚገርመው፣ ወደ አውሮፓና አሜሪካ የተሰደዱ ወላጆች ልጆች፣ ማረሻ ሳይነኩ ያደጉት ሳይቀሩ፣ አመለካከቱን ይዘውት መገኘታቸው ነው። መሣሪያው ቀርቶ ልማዱ ይወረሳል።

«ጉልበት ነው» ለሚል፣ እውነት ነው፣ የወንድ ክንድና ደረት በአማካይ ይበረታል። ነገር ግን በጉራጌ እንሰት የሚፍቁት ሴቶች ናቸው፤ ያን ሥራ ያየ ሰው ቀላል ነው አይልም። ከእንጦጦ ጀርባቸው እስኪጎብጥ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት፣ ከወንዝ ውሃ የሚቀዱትም እነሱ ናቸው። ከባዱ ሥራ ሁሉ ለወንድ አልተሰጠም።

ሴትም ዕድሜዋን ሙሉ እርጉዝ ወይም አጥቢ አይደለችም። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት አንዲት ኢትዮጵያዊት በአማካይ የምትወልዳቸው ልጆች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 5.5 በ2016 ወደ 4.6 ወርዷል። የአርባ አምስት ዓመት መበለት እርፍ እንዳትይዝ የሚከለክላት ሕፃን የለም፤ የሚከለክላት «ምን ይሉኛል» ነው። በደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረዳ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. በመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ሴቶች በሬ ጠምደው ያርሳሉ፣ ሸማ ይሠራሉ፤ ወንዶች እንጀራ ይጋግራሉ፣ ይፈትላሉ። ደጋው ያው ደጋ፣ ማረሻውም ያው ማረሻ ነው።

የወንዱም አካል ቢሆን አንዴ ተቀርጾ ያለቀ አይደለም። ሊ ጌትለርና ባልደረቦቹ በፊሊፒንስ ሴቡ 624 ወጣቶችን ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳተሙት፣ አባት የሆኑት ወንዶች የቴስቶስትሮን ሆርሞን መጠናቸው በእጅጉ ቀንሷል፤ በቀን ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ልጅ የሚንከባከቡት ደግሞ ልጅ ከማይነኩት አባቶች ዝቅ ያለ መጠን ነበራቸው። ልጅ ማቀፍ የአባትን ሆርሞን ይለውጣል ማለት ነው፤ ለዚህ ግን አባትየው ልጁ አጠገብ መገኘት አለበት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ለአባት 3 ቀን። የእናቲቱ ለወለደ አካል ማገገሚያና ለጡት ነው፤ የሚበዛም አይደለም። የአባትየውን 3 ቀን ያሳጠረው ግን ማህፀን ሳይሆን ሕግ አውጪው ነው፤ ማስረዘምም በእጁ ነው።