የክረምት ሹራብና የቤት ድመት

ሹራብ ከሸማ የሚለየው በአሠራሩ ነው። ሸማኔ ድርና ማግ ያስፈልገዋል፤ በተወጠረው ድር መካከል ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ ጨርቁን ይሠራል። ሹራብ ግን ድርም ማግም የለውም። ከአንድ ልቃቂት የሚመዘዝ አንድ ክር በሁለት መርፌ እየተሳበ ዘለበት ይሆናል፤ በዚያ ዘለበት ውስጥ ሌላው ይወጣል፣ በሁለተኛውም ውስጥ ሦስተኛው። ሹራብ ሲስቡት የሚለጠጠው፣ ሲለቁት የሚሰበሰበው ዘለበቶቹ ቅርጻቸውን ስለሚለዋውጡ እንጂ ክሩ ስለሚረዝም አይደለም። እያንዳንዱ ዘለበት ጎረቤቱን ይዞ ስለሚኖር፣ ጫፉ ሳይታሰር የቀረ ሥራ ከአንድ ቦታ ከተሳበ እስከ መጀመሪያው ሊተረተር ይችላል። የሁለት ወር ድካም በአንድ ምሽት ተመልሶ ልቃቂት ይሆናል።

ሸማኔ ከመሥሪያው አይርቅም፤ ሹራብ ሠሪ ግን ሥራውን በከረጢት ይዞ ይዞራል። በዚህ በኩል ሹራብ የሚመስለው ሽመናን ሳይሆን ፈትልን ነው። እንዝርት ይዛ ከጎረቤት ጋር እያወራች የምትፈትል ሴት እጇ ሥራውን ስለለመደ ዓይኗም ጆሮዋም ነጻ ነው። ሹራብም እጅ እስኪለምደው ያስቸግራል፤ ከለመደው በኋላ ግን ጨዋታም ሬዲዮም አያቋርጠውም። ለረጅም ምሽት የተመቸ ያደረገውም ይኸው ነው።

ክረምት የሚለው ቃል እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ ክረምት ዝናብ ነው፤ የሰሜኑ ዓለም ክረምት ግን በእኛ በጋ፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚዘልቅ ብርድና ጨለማ ነው። በስዊድን ወይም በአሜሪካዋ ሚኒሶታ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ያውቁታል፤ ከሥራ ሲወጡ ቀኑ ጨልሞ ይጠብቃቸዋል።

የሹራብ ጥበብ ዕድሜ ብዙዎች ከሚያስቡት ያነሰ ነው። በግብጽ ደረቅ አፈር ተጠብቀው የተገኙ፣ ከ3ኛው እስከ 5ኛው መቶ ዘመን የሚመደቡ፣ ለነጠላ ጫማ እንዲመቹ ጣታቸው ለሁለት የተከፈለ የሱፍ ካልሲዎች አሉ። እነዚህ ግን በአንድ ዓይናማ መርፌ የተሰፉ እንጂ ሹራብ አይደሉም። በሁለት መርፌ የተሠሩት ሰማያዊና ነጭ የጥጥ ካልሲዎች በዚያው በግብጽ ብቅ ያሉት ከ11ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ነው። የግብጽ ሰዎች ዛሬም ካልሲን የሚጠሩበት ስም ‹ሹራብ› ከሚለው ቃላችን ጋር ይቀራረባል። በስፔን ቡርጎስ ከተማ አጠገብ ባለው የላስ ኡኤልጋስ ገዳም፣ በ1275 በሞተ አንድ ልዑል መቃብር ውስጥ በሐር የተሠራ የሹራብ ትራስ ልብስ ተገኝቷል (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1589 ዊልያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ የካልሲ መሥሪያ መኪና ሠራ፤ ከዚያ በኋላ የእጅ ሥራ ቀስ በቀስ ከከተማ ገበያ እየተገፋ ሌላ መተዳደሪያ ወደሌለበት ዳርቻ ሸሸ።

ከእነዚህ ዳርቻዎች የታወቀው ከስኮትላንድ በስተሰሜን ያለው የሼትላንድ ደሴቶች ስብስብ ነው። ቦታው ከምድር ወገብ 60 ዲግሪ ወደ ሰሜን ስለሚርቅ፣ በታኅሣሥ አጭሩ ቀን በዋና ከተማው በለርዊክ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ወጥታ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ብርሃኑ ስድስት ሰዓት አይሞላም። ወንዶቹ ባሕር ላይ ዓሣ ያጠምዱ ነበር፤ እርሻውና ከብቱ በአብዛኛው በሴቶቹ ላይ ወድቆ ነበር፤ ሹራቡም እንዲሁ። ሴቶቹ ከረግረግ የተቆረጠ ማገዶ በጀርባቸው ተሸክመው በመንገድ ላይ ሹራብ እየሠሩ ሲሄዱ የሚያሳዩ የ19ኛው መቶ ዘመን ፎቶግራፎች አሉ። ይህን ያስቻላቸው ወገብ ላይ የሚታሰር፣ በፈረስ ጭራ የተሞላና ብዙ ቀዳዳ ያለው የቆዳ ቀበቶ ነው። የመርፌው ጫፍ በአንዱ ቀዳዳ ሲሰካ አንድ እጅ ያርፋል፤ ሥራውም ይፈጥናል።

በስብስቡ ሰሜናዊ ጫፍ ያለችው አንስት የምትባለው ደሴት በቀጭን ሻሏ ትታወቃለች። በስፋቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋው ሻል በጋብቻ ቀለበት ውስጥ ያልፋል፤ የፈትሉን ቅጥነት የሚያውቅ ፈታይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በደቡብ ተነጥላ ያለችው ፌር አይል ደግሞ ለባለብዙ ቀለም ሹራብ ስሟን ሰጥታለች። የፌር አይል ሕግ ቀላል ነው፤ ሹራቡ በጠቅላላው የፈለገውን ያህል ቀለም ቢኖረውም በአንድ ረድፍ ከሁለት ቀለም በላይ አይገባም። ተራው ያልደረሰው ክር በጀርባ በኩል ስለሚዘረጋ ልብሱ ድርብ ይሆናል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። በ1922 የዌልሱ ልዑል እንዲህ ያለ ሹራብ ለብሶ ጎልፍ ከተጫወተ በኋላ የደሴቲቱ ሥራ ፋሽን ሆነ።

ይህ ሁሉ ውበት ግን ለሠሪዎቹ ብዙ ገንዘብ አላስገባም። በ19ኛው መቶ ዘመን ነጋዴዎች ለሹራብና ለሻል የሚከፍሉት በአብዛኛው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ከሱቃቸው በሚሰጡት ሻይና ጨርቅ ነበር። የብሪታንያ መንግሥት ጉዳዩን የሚመረምር ሰው ልኮ በ1872 ሪፖርቱ ወጣ፤ ሴቶቹ ቀርበው የሰጡት ቃል ተመዝግቦ ይገኛል። ዛሬ የእጅ ሹራብን እንደ እረፍት ብቻ የሚያይ ሰው ያን መዝገብ ቢያነብ ይገረማል።

ለብርዱ መልስ የሚሰጠው ሱፉ ነው። የበግ ሱፍ ጭረት ጠምዛዛ ስለሆነ በመካከሉ አየር ይይዛል፤ የሚያሞቀውም ይህ ሳይንቀሳቀስ የታሰረ አየር ነው። ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ጠጥቶም እርጥብነቱ ለእጅ አይታወቅም። በጭረቱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቅርፊቶች ግን በሙቅ ውኃ ሲታሹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፤ በግዴለሽነት የታጠበ የአዋቂ ሹራብ የልጅ ልክ ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ሙሉ ሹራብ ክረምቱን ለምን እንደሚጨርስ በሒሳብ ይታያል። የደረት ዙሪያው 100 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሹራብ፣ በ10 ሴንቲ ሜትር 22 ዘለበት ቢቆጠር፣ በአንድ ዙር 220 ዘለበት ይፈልጋል። ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በ10 ሴንቲ ሜትር 30 ረድፍ ቢኖር፣ ዙሩ 180 ይሆናል፤ ይህ ገላው ብቻ ሲሆን 39,600 ዘለበት ነው። ሁለቱ እጅጌዎች ሲጨመሩ ወደ 60,000 ይጠጋል። በደቂቃ 20 ዘለበት የሚሠራ እጅ 50 ሰዓት ያስፈልገዋል፤ በየምሽቱ አንድ ሰዓት ብቻ ለሚያገኝ ሰው ሁለት ወር ሊሞላ ነው ማለት ነው፤ ያውም ሳይሳሳት።

ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው ሥራው ገና ሳይጀመር ነው። ልምድ ያለው ሠሪ አስቀድሞ ትንሽ ናሙና ሠርቶ፣ አጥቦ፣ አድርቆ ይቆጥራል። 22 መሆን የነበረበት 20 ከሆነ፣ ያው 220 ዘለበት 110 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለሌላ ሰው የሚበቃ ሹራብ ማለት ነው። ክሩንም በአንድ ጊዜ መግዛት ይሻላል፤ በተለያየ ጊዜ የተነከረ ክር፣ ቀለሙ በስም አንድ ቢሆንም፣ በደረት ላይ መስመር ይሠራል። ያመለጠ ዘለበት እንደ መሰላል ወደ ታች ሲወርድ በኪሮሽ እየለቀሙ መመለስ ይቻላል። ረቂቅ ሻል የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ በየተወሰነ ረድፉ በዘለበቶቹ ውስጥ ቀጭን የጥጥ ክር ያሳልፋሉ፤ ቢተረተር እዚያ ላይ ይቆማል። የመሰልቸቱ ቦታ ሁለተኛው እጅጌ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ረጅም መርፌ ላይ ከሁለት ልቃቂት ጎን ለጎን መሥራት ፍቱን መድኃኒት ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ በተዘረጋበት ቤት ድመት ካለች ጭኑ ላይ ከሹራቡ ጋር መሻማቷ አይቀርም። ፍቅር ብቻ አይደለም። የድመት ሰውነት ራሱን ለማሞቅ ተጨማሪ ጉልበት የማያወጣው የአካባቢው ሙቀት ከ30 እስከ 38 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ለሰው የሚስማማው 20 ዲግሪ ክፍል ለእሷ ብርድ ነው። የሰው ጭንና የሱፍ ክምር ደግሞ በክረምት ቤት ውስጥ ከሚገኙት ሞቃት ቦታዎች ዋነኞቹ ናቸው። ሱፉን በፊት እግሮቿ እያፈራረቀች የምትረግጠው ግልገል ሳለች የእናቷን ጡት ትረግጥ ስለነበር ነው። አንዳንድ ድመቶች፣ በተለይ የሲያም ዘር ያላቸው፣ ሱፍ ይጠባሉ፤ ያኝካሉም።

ክሩ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ከልቃቂቱ እየተመዘዘ ወለል ላይ የሚንፏቀቅ ክር ለድመት ዓይን የአይጥ ጭራ ነው። ጥፍሯ ከፌር አይል ሹራብ ጀርባ ያለውን የተዘረጋ ክር ቢስብ ጉዳቱ ይታረማል፤ የወጣውን ክር ሳይቆርጡ በደንዳና መርፌ ወደ ጎረቤት ዘለበቶች እያከፋፈሉ መመለስ ነው። የማይታረመው የተዋጠው ክር ነው። የድመት ምላስ ወደ ጉሮሮ ያዘነበሉ ጥቃቅን እሾሆች አሉት፤ ሥጋ ለመጋጥና ጸጉር ለማበጠር ይረዷታል፤ ክር ከያዙ ግን መልሳ ለመትፋት ያስቸግራታል። ትውጣለች። የክሩ አንድ ጫፍ ምላሷ ሥር ወይም ጨጓራዋ መውጫ ላይ ተይዞ ሌላው ወደ አንጀት ከወረደ፣ አንጀቱ ምግብ ለመግፋት በሚኮማተርበት ጊዜ ክሩ ላይ እንደ መጋረጃ ይሸበሸባል። የተወጠረው ክር ቀስ በቀስ የአንጀቱን ግድግዳ ሊበጥስ ይችላል፤ በውስጡ ያለው ወደ ሆድ ዕቃ ሲፈስ ደግሞ ሕይወቷ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ምልክቶቹ ማስመለስ፣ ምግብ መተው፣ መፍዘዝና መደበቅ ናቸው። ከአፏ ወይም ከኋላዋ ክር ተንጠልጥሎ ቢታይ መሳብ አይገባም፤ ውስጥ ያለውን አንጀት ሊቆርጥ ይችላል። ሳይነኩ በቶሎ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል።

መከላከሉ አይከብድም። ልቃቂቱ ክዳን ባለው ቅርጫት ሆኖ ክሩ በጠባብ ቀዳዳ ይወጣል፤ ሥራው ሲቆም መርፌውም ክሩም ዚፕ ያለው ከረጢት ውስጥ ይገባል። ወንበር ላይ ‹ለአንድ ደቂቃ› የተተወ ሹራብ ነው ብዙ ጊዜ ጣጣ የሚያመጣው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ድመቷን በላባ ወይም በኳስ ጥቂት ማጫወትና ከዚያ ማብላት ይረዳል፤ አድና የበላች ድመት ራሷን ልሳ ትተኛለች። አሮጌ የሱፍ ቁራጭ ጎን ላይ ቢነጠፍላት ጭኑ ለሹራቡ ይተርፋል። ሱፍ የምታኝክ ከሆነች ግን ቁራጩም ቢቀርባት ይሻላል።

የመጨረሻው ዘለበት ከታሰረ በኋላ ሹራቡ ለብ ባለ ውኃ ሳይታሽ ይነከራል፤ ሳይጠመዘዝ በፎጣ ተጠቅልሎ ይጨመቃል፤ ከዚያም በልኩ ተዘርግቶ ይደርቃል። በሼትላንድ ለዚህ የሹራብ ቅርጽ ያለው የእንጨት መወጠሪያ አለ፤ ሌላው ቦታ ወለል ላይ የተነጠፈ ፎጣ ይበቃል፤ በሩ ግን መዘጋት አለበት። የክሮቹ ጫፎች በደንዳና መርፌ ወደ ውስጥ ተሰፍተው ትርፋቸው ይቆረጣል። እነዚያ የጣት ርዝመት ያላቸው ቁርጥራጮች ምንም አይመስሉም፤ ወለል ላይ ሳይንጠባጠቡ ተለቅመው ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይገባሉ።