ዴቢያን፦ የማይቸኩለው ሊኑክስ

ለሰርቨር የሚሆን ሊኑክስ ሲመረጥ ብዙ ሰው ስለ ፍጥነትና ስለ አዳዲስ ነገሮች ይጠይቃል። እኔ ግን መጀመሪያ የማነሳው ሌላ ነው፦ የደህንነት ጥገናውን የሚያወጣው ማን ነው? እስከ መቼስ?

ሴንትኦኤስ 8 የተባለውን ሊኑክስ ይጠቀሙ የነበሩ ድርጅቶች የዚህን ጥያቄ ክብደት ያዩት በዲሴምበር 2020 (እ.ኤ.አ.) ነው። እስከ 2029 ይጠገናል ሲባል የቆየው ሥርዓት በ2021 መጨረሻ እንደሚያበቃ ባለቤቱ ሬድ ሃት አስታወቀ። ሮኪ ሊኑክስና አልማሊኑክስ የተነሡት ያን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ዴቢያን ግን ባለቤት ኩባንያ የለውም። በኦገስት 1993 ኢያን መርዶክ የመሠረተው ሲሆን ዛሬም የሚሠሩት በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በሁለት ዓመት ገደማ አንድ የተረጋጋ ዕትም ይወጣል፤ 3 ዓመት ሙሉ ድጋፍ፣ ከዚያ 2 ዓመት የተራዘመ ድጋፍ ያገኛል። ኡቡንቱም የተገነባው በእሱ ላይ ነው።

የዴቢያን ትልቁ ጥበብ በጥገናው ላይ ነው። የተረጋጋው ዕትም አንዴ ከወጣ የፓኬጆቹ ዋና የዕትም ቁጥር በአብዛኛው አይለወጥም። የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ አዲሱን ሶፍትዌር እንዳለ አያመጡትም፤ ጥገናዋን ብቻ ከአዲሱ ቆርጠው አሮጌው ላይ ይጥፏታል። በኤፕሪል 2014 ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል በሚባለው የምስጠራ ላይብረሪ ላይ ሃርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ ሲገለጽ ዴቢያን በዚያው ዕለት ጥገናውን አወጣ። የሶፍትዌሩ ቁጥር ግን እንደነበረ ነው፤ የተለወጠው ጫፉ ላይ ያለው የዴቢያን ምልክት ብቻ ነበር። ዋናውን ቁጥር ብቻ የሚያዩ የፍተሻ መሣሪያዎች የተጠገነውን ሰርቨር "ተጋላጭ" የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። መጣራት ያለበት የፓኬጁ ሙሉ ቁጥር ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ ይኸውና፦ ጥገናው ዲስክ ላይ ስለተጫነ ብቻ ሥራ ጀመረ ማለት አይደለም። እየሠራ ያለው አገልግሎት አሮጌውን ላይብረሪ በሜሞሪ እንደያዘ ይቀጥላል፤ ሪስታርት እስኪደረግ ቀዳዳው ክፍት ነው። የትኞቹ አገልግሎቶች ሪስታርት እንደሚፈልጉ ኒድሪስታርት የሚባለው መሣሪያ ያሳያል። ከርነል ሲታደስ ግን ማሽኑ ራሱ ጠፍቶ መነሣት አለበት፤ ለዚህ አስቀድሞ ሰዓት መመደብ ግድ ነው።

የደህንነት ጥገና በየቀኑ በራሱ እንዲጫን ማድረግ ይቻላል፤ እኔ አጥብቄ እመክራለሁ። ከሌሎች የሊኑክስ ዲስትሮዎች ፓኬጅ እየለቀሙ መቀላቀል ግን ክፉ ልማድ ነው፤ ዴቢያኖች የዚህን ውጤት ፍራንከንዴቢያን ይሉታል። እንዲህ የተደበላለቀ ማሽን ወደሚቀጥለው ዕትም ሲሸጋገር ምን እንደሚገጥመው አስቀድሞ መናገር አይቻልም።

ዴቢያን 11ን አሁንም የምታሠሩ ካላችሁ የተራዘመው ድጋፍ የሚያበቃው በኦገስት 2026 ነው። ከ11 ወደ 13 በአንድ ዝላይ መሄድ አይደገፍም፤ መንገዱ በ12 በኩል ነው። ባክአፓችሁ በትክክል መመለሱን አረጋግጡ፣ ሽግግሩን በሙከራ ማሽን ላይ አንዴ ሞክሩት፣ ቀኑንም ከወዲሁ ቁረጡ።