ከአዋጁ እስከ ቀበሌው በር
የጎንደር ሙስሊሞች፣ መሬትና እኩልነት



«ሰማይ ዓምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» ይባል ነበር። ውድ አንባብያን፣ አያቶቻችን ይህን አባባል በገበያም በመንገድም ሲሰሙት ኖረዋል። ብዙዎቻችን እንደ ተራ ስድብ እንቆጥረው ይሆናል። አባባሉ ግን ከስድብም በላይ ነው፤ የአንድን ዘመን የመሬት ሥርዓት በአጭሩ የሚገልጽ ነው። በዚያ ዘመን አገር ማለት ርስት ማለት ነበር። ርስት የሌለው ሰው እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው ልጆች ወልዶ፣ ወላጆቹንም እዚያው ቀብሮ እንግዳ ነበር።

ዛሬ ይህ አባባል በሕግ ፊት ቦታ የለውም። ይሁን እንጂ እኩልነት በአዋጅ ተጽፎ ማለቁና ወደ ቤተሰቦቻችን ደጃፍ መድረሱ አንድ ነገር አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ከጎንደር የተሻለ አስተማሪ ከተማ ያለ አይመስለንም።

አዲስ ዓለም

ጎንደር በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዐፄ ፋሲለደስ ቤተ መንግሥታቸውን ከሠሩባት በኋላ ሙስሊም ነጋዴዎችና ባለ ሙያዎች በብዛት ገቡባት። የፋሲለደስ ልጅ ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ግን እ.ኤ.አ. በ1668 ባስደረጉት ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። ውሳኔው ከ10 ዓመት በኋላ በ1678 እንደገና ጸና። ትእዛዙ ሙስሊሞችን ብቻ የሚመለከት አልነበረም፤ ቤተ እስራኤላውያንም እንዲሁ ተለይተው እንዲሰፍሩ ታዘዙ። ከከተማዋ በታች፣ በቀሃ ወንዝ ዳር የሚገኘው የሙስሊሞች ሠፈር አዲስ ዓለም ታሪኩ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በቀሃ ዳር አንድ ሺህ ያህል ቤት ያለው ትልቅ የሙስሊሞች ሠፈር ማየቱን ጽፏል። ነዋሪዎቹም ትጉ ሠራተኞች እንደሆኑ፣ የንጉሡንና የመኳንንቱን ድንኳን የሚተክሉና የሚነቅሉ፣ በቅሎና ጓዝ የሚነዱ እነርሱ እንደሆኑ መስክሯል። ይህን ነገር ልብ እንበለው። የንጉሡን ድንኳን የሚተክለው ሙስሊም ለራሱ ዘር የሚዘራበት ርስት አልነበረውም። ስለዚህም ኑሮውን በንግድና በሽመና ላይ መሠረተ። የአዲስ ዓለም ሸማኔና ነጋዴ ሙያውን የያዘው የእርሻው በር ስለተዘጋበት ጭምር ነው።

ከዚያም የባሰ ቀን መጣ። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ታዘዙ። እምነታችንን አንለቅም ያሉ ብዙዎች ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ሠፈር የተሰጠው ሰው ሠፈሩን እንኳ የሚያጣበት ጊዜ እንደነበረ ከዚህ እንረዳለን።

የአዋጅ ዘመን

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከፍተኛ የሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍ ተደረገ፤ እኩልነትን የሚደግፉ ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ወጡ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» የሚለው አጠራር ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንድንባል ነበር። የመሬት ባለቤትነት መብትም ከጥያቄዎቹ መካከል ነበረ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ መንግሥት ተለወጠ፤ ሁለቱ ዒዶችና መውሊድም የሕዝብ በዓላት ሆኑ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። በሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ፤ ቀበሌ የምንለውም ተቋም ከዚህ አዋጅ ተወለደ። የደርግ ዘመን በሌላ በኩል ያደረሰውን መከራ ማንም አይዘነጋውም። ቢሆንም የርስት ሥርዓት ሲፈርስ «አገር የለው» የሚለው አባባል መሠረቱ ተናደ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል እንደሆኑ፣ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ እንደሆኑ ደነገገ። በአንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ አዘዘ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ አይነሳም። ለአንድ ቤተሰብ ግን ዋናው እርሱ ነው። መታወቂያ፣ የልደት ምዝገባ፣ የቤት ካርታ፣ የመስጂድና የቀብር ቦታ የሚጠየቀው አዲስ አበባ ላይ ሳይሆን በቀበሌ፣ በወረዳና በከተማ አስተዳደር በር ላይ ነውና።

ደብተሯ

የአካባቢ አስተዳደር በጎ ሥራ ሲሠራ ማመስገን ተገቢ ነው። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የገጠር መሬት እየተመዘገበ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ተሰጥቷል። የባልና የሚስት የጋራ መሬት በሁለቱም ስም ይመዘገባል። ምዝገባው የተካሄደው ነዋሪው ራሱ በመረጣቸው የቀበሌ ኮሚቴዎች አማካይነት፣ ጎረቤት ከጎረቤት ድንበሩን እያሳየ ነው። አያቱ ርስት ያልነበረው ሰው ዛሬ በስሙ የተጻፈ ደብተር በሣጥኑ አስቀምጧል። እናትም ባሏ ቢሞት «መሬቱ የወንድሞቹ ነው» ተብላ በቀላሉ አትፈናቀልም። እኩልነት ሲሠራ እንዲህ ነው፤ ትንሽ ደብተር ናት፣ ግን ቤት ታድናለች።

ከጊች የምንማረው

ከጎንደር ወደ ሰሜን፣ በደባት አልፈን ደባርቅ ስንደርስ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ጊች የምትባል የሙስሊሞች መንደር ነበረች። ሕዝቧ ገብስ እያረሰ፣ በግ እያረባ በዚያ ብርድ ለትውልዶች ኖሯል። ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ። ዋልያውንና ሣሩን ለማዳን ሲባል የጊች ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራና እማወራ ሆነው ካሳ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። በቀጣዩ ዓመት ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ቅርስን መጠበቅ ሁላችንንም ይመለከታል። ይሁን እንጂ ገብሱን ከማሳው፣ ማገዶውን ከደጁ ያገኝ የነበረ ገበሬ ከተማ ሲገባ ሁሉን በገንዘብ ይገዛል። የካሳ ብር ያልቃል፤ ሙያ ግን አያልቅም። ስለዚህ ነዋሪን ያነሣ አስተዳደር ቤት መሥሪያ ቦታ ሰጥቶ ሊሰናበት አይገባም፤ ለወጣቱ ሙያ፣ ለአዛውንቱ መጦሪያ፣ ለሁሉም ተከታታይ ድጋፍ ዕዳው ነው።

የሐጂ ኤልያስ መቃብር

አሁን ወደሚያመን ጉዳይ እንግባ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በረመዳን፣ በጎንደር ከተማ የአንድ ታላቅ ዐሊም ጀናዛ ወደ ሐጂ ኤልያስ መቃብር በተሸኘበት ዕለት ቀባሪዎቹ ጥቃት ደረሰባቸው። መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የሚዋሰን ሲሆን በቦታው ላይ ቀደም ብሎ የቆየ ክርክር ነበረ። የክልሉ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸውን ገለጸ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ከፍተኛ ኮሚሽነር በበኩላቸው ቢያንስ 30 ሰዎች እንደሞቱና ከ100 በላይ እንደቆሰሉ፣ መስጂዶችም እንደተቃጠሉ ሪፖርት መደረጉን አስታወቁ። ከሁለት ቀን በኋላ በስልጤ ዞን አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የጎንደር ሟቾች ደም በዚያ አልተካሰም፤ በደል በበደል ላይ ተጨመረ እንጂ። ዲናችን ያልበደለን ሰው በሌላው ጥፋት መቅጣትን አይፈቅድልንም።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ሁሉ የተነሣው በመቃብር ድንበር ነው። የገጠሩ ማሳ ድንበር በጎረቤት ምስክርነት ተለክቶ በደብተር ሲጻፍ፣ የመቃብርና የአምልኮ ቦታ ወሰን ለምን ለዓመታት ሲያከራክር ይቆያል? ሁለቱ ወገኖች ባሉበት ተለክቶ፣ ድንጋይ ተተክሎ፣ ካርታ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ነገር ቆስቋሹ የሚይዘው ሰበብ ባነሰ ነበር። አስተዳደር ነገሩ ሳይካር ካልዳኘ በኋላ የሚያደርገው ለቅሶ መድረስ ብቻ ነው።

ከማን ምን ይጠበቃል?

ከአካባቢ አስተዳደር የምንጠይቀው ሞገስ ሳይሆን አንድ ዓይነት ሚዛን ነው። የአምልኮና የቀብር ቦታ ጥያቄ ለሁሉም በአንድ መመሪያ ይታይ፤ መልሱ «አይቻልም» ቢሆን እንኳ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጥ። በቀበሌ ሸንጎና በጸጥታ ኮሚቴ የሁሉም እምነት ነዋሪ ይወከል። የሞቱባቸውና የተቃጠለባቸው ቤተሰቦች ፍትሕና ካሳ እስኪያገኙ መዝገባቸው አይዘጋ።

ከእኛ ከቤተሰቦችስ? አንደኛ፣ ሰነዶቻችንን እናደራጅ፤ የመስጂድና የመቃብር ይዞታ ወረቀት በአንድ ሽማግሌ ሣጥን ውስጥ ብቻ አይቅር። ሁለተኛ፣ ቀበሌው ካልሰማን ወደ ወረዳና ወደ ከተማ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት፣ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምና ወደ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በጽሑፍ እናቅርብ፤ ሁለቱም ተቋማት በባሕር ዳር ቅርንጫፍ አላቸው። ወጣቶች ሆይ፣ በቁጣ ከተወረወረ ድንጋይ በፋይል የተያዘ አቤቱታ ዕድሜው ይረዝማል። ሦስተኛ፣ ራሳችንን እንመርምር። ጎንደር ውስጥ ከርስት ተገፍተው በአንጥረኝነት፣ በሸክላና በግንበኝነት ሲተዳደሩ የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን «ቡዳ» ተብለው ተሰድበዋል። እኛም በቤታችን ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ቀጥቃጩን ለጋብቻ የምንንቅ ከሆነ፣ በእኛ ላይ ሲደረግ ያመመንን በሌላው ላይ እያደረግን ነው። በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 13 የሰው ልጅ ሁሉ ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት እንደተገኘ፣ ብልጫውም በአላህ ፍራቻ ብቻ እንደሆነ ተነግሮናል።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦቻቸውን ወደ ሐበሻ የላኩት በዚያ የሚገዛው ንጉሥ ዘንድ ማንም ስለማይበደል ነው። አገራችን በዓለም ሙስሊሞች ዘንድ ስሟ የተነሣው በፍትሕ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበርም ወንበሩ ትንሽ ብትሆን የተቀመጠው በዚያ አደራ ላይ ነው።

በሐጂ ኤልያስ ለወደቁት አላህ ምሕረቱን ያውርድ፤ ለቤተሰቦቻቸው ሶብር ይስጥ፤ ለከተማይቱም ጎረቤት ከጎረቤት ተማምኖ የሚያድርበትን ሰላም ይመልስ። አሚን።